ተዋሕዶ፣ ቅባትና ጸጋ፦ የምሥጢረ ሥጋዌ ክርክር በምሥራቅ ጎጃም

ክርስቶስ አምላክም ሰውም ከሆነ፣ አምላክነቱና ሰውነቱ እንዴት አንድ ሆኑ? በክርስትና ታሪክ ከዚህ የበለጠ ዕድሜ ያለው ክርክር ጥቂት ነው። ጥያቄው በግሪክኛ ተነሥቶ በግብፅና በሶርያ በኩል ወደ ግእዝ ገባ። ከ17ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ደግሞ ሌላው ዓለም በማያውቀው መልክ በጎጃምና በጎንደር እንደ አዲስ ተቀጣጠለ። በአነደድ ካለችው ከአምበር በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በብቸናና በሞጣ በኩል እስከ ዓባይ ሸለቆ የሚዘልቀው አገር የዚህ ክርክር ዋና መድረክ ነበር። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያምና ሞጣ ጊዮርጊስ በቅኔና በመጻሕፍት ትምህርት የሚታወቁትን ያህል በዚህ ክርክርም ስማቸው ይነሣል። ተዋሕዶ፣ ቅባት፣ ጸጋ፣ ካራ የሚባሉት ስሞች ዛሬ ለብዙ አንባቢ የወገን መለያ ሆነው ብቻ ይሰማሉ። እያንዳንዳቸው ግን ለአንድ የተወሰነ ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ናቸው።

ክርክሩን ለመከተል አካልና ባሕርይ የሚባሉትን ሁለት ቃላት መለየት ግድ ነው። አካል «ማን?» ለሚለው፣ ባሕርይ «ምን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ሥላሴ በአካል ሦስት፣ በባሕርይ አንድ ናቸው ሲባል በዚህ ላይ ከአርዮስ ወገን በቀር ክርክር የለም። መንገዱ የሚለያየው ሥጋዌ፣ ማለትም የአምላክ ሰው መሆን፣ ላይ ሲደረስ ነው። የንስጥሮስ ትምህርት በክርስቶስ ሁለት አካልና ሁለት ባሕርይ አለ ወደሚል ያደርሳል ተብሎ ተወገዘ። የኬልቄዶን ጉባኤ አንድ አካል በሁለት ባሕርይ አለ። የእስክንድርያና የኢትዮጵያ ሊቃውንት አንድ አካል፣ ከሁለት የተገኘ አንድ ባሕርይ አሉ። ልዩነቱ በቁጥር ሲጻፍ ትንሽ ይመስላል፤ አብያተ ክርስቲያናትን ለአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመታት ያህል ያለያየው ግን ይኸው ነው።

የእነዚህ መልሶች ጎዳና በጉባኤ የተጠረገ ነው። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት፣ በኢትዮጵያ ሠለስቱ ምዕት የሚባሉት አባቶች፣ ወልድ ፍጡር ነው ያለውን የእስክንድርያውን ቄስ አርዮስን አወገዙ። በ381 የቁስጥንጥንያ ጉባኤ የመንፈስ ቅዱስን አምላክነት አጸና። በ431 በኤፌሶን የእስክንድርያው ቄርሎስ የቁስጥንጥንያውን ሊቀ ጳጳስ ንስጥሮስን ረታ፤ እመቤታችን «ወላዲተ አምላክ» መባሏም ያን ጊዜ በጉባኤ ጸና። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የምትቀበላቸው ጉባኤያት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። አራተኛው፣ በ451 በኬልቄዶን የተደረገው፣ የሮማውን ሊቀ ጳጳስ የልዮንን ደብዳቤ ተቀብሎ የእስክንድርያውን ዲዮስቆሮስን ከመንበሩ አወረደ። በኢትዮጵያ መጻሕፍት ይህ ጉባኤ «ጉባኤ ከለባት»፣ ማለትም የውሾች ጉባኤ፣ ይባላል። ስያሜው ጸያፍ ቢሆንም ቁጣው ምን ያህል እንደ ነበረ ያሳያል፤ ለግብፅ፣ ለሶርያና ለኢትዮጵያ ክርስቲያኖች የተዋረደው ዲዮስቆሮስ ብቻ ሳይሆን የአትናቴዎስና የቄርሎስ መንበር ነበርና።

አክሱም በዚህ ክርክር ውስጥ የገባችው ገና በጥዋቱ ነው። ከሣቴ ብርሃን ሰላማ የተባለው ፍሬምናጦስ ጵጵስናውን የተቀበለው ከራሱ ከአትናቴዎስ እጅ ነው። ወደ አርዮስ ወገን ያደላው ቄሣር ቆስጠንጢዮስ፣ እ.ኤ.አ. በ356 ገደማ ለዒዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ ፍሬምናጦስ እንደገና እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ እንዲላክለት ጠየቀ። አትናቴዎስ ደብዳቤውን በመጽሐፉ ውስጥ ገልብጦ ስላስቀመጠው ዛሬም ይነበባል። በኋላ ከሶርያና ከሌሎች የምሥራቅ አገሮች መጡ የሚባሉት ዘጠኙ ቅዱሳን የፀረ ኬልቄዶንን እምነት እንዳጠነከሩ ትውፊቱ ይናገራል፤ አንዳንድ ተመራማሪዎች ማስረጃው ስስ ነው ቢሉም በአክሱም ጸንቶ የቀረው የእስክንድርያ ትምህርት መሆኑን የሚክድ የለም። በዚያው በአክሱም ዘመን ከግሪክኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው «ቄርሎስ» የተባለው መጽሐፍና ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ከዐረብኛ የተተረጎመው «ሃይማኖተ አበው» የትምህርቱ ምሰሶዎች ሆኑ። በጉባኤ ቤት ሁለቱም «ሊቃውንት» በሚባለው የትርጓሜ ክፍል ይማራሉ።

መምህራኑ ተዋሕዶን የሚያስተምሩት «ያለ» በሚል ቃል አጥር እየሠሩለት ነው። ቃል ሥጋ የሆነው ያለ ውላጤ ነው፤ ማለትም አምላክነቱ ወደ ሥጋነት፣ ሥጋውም ወደ አምላክነት አልተለወጠም። ያለ ሚጠት ነው፤ ተለውጦ ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። ያለ ቱሳሔ ነው፤ እንደ ውኃና ወይን አልተቀላቀለም። ያለ ቡዐዴ ነው፤ አንዱ ከሌላው ተለይቶ አልቆመም። ያለ ትድምርት ነው፤ በላይ በላዩ እንደ ተደረበ ነገር አልሆነም። ያለ ኅድረት ነው፤ ሰው ቤት ውስጥ እንደሚያድር አልኖረበትም። መደባለቅንና መለወጥን የሚከለክሉት ቃላት ሰውነቱ በአምላክነቱ ተዋጠ ብሏል የተባለውን አውጣኪን፣ ማደርንና መለያየትን የሚከለክሉት ደግሞ ንስጥሮስን ያርቃሉ። ኬልቄዶንን ያልተቀበሉትን አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ የአውጣኪ ተከታዮች አድርጎ የጻፈ የውጭ ደራሲ ይህን አጥር አላየውም ማለት ነው። በኢትዮጵያ አውጣኪ ከንስጥሮስ እኩል የተወገዘ ነው።

ጎጃም ውስጥ የታየው ክፍፍል መነሻው ግን ትምህርት ብቻ አልነበረም፤ የገዳማት ዝምድናም ነበረበት። ከ13ኛውና ከ14ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ ምንኩስና በሁለት ትልልቅ ቤቶች ተከፈለ። አንዱ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ቤት ነው፤ መቀመጫው ደብረ ሊባኖስ፣ አለቃው እጨጌ ሲሆን እጨጌው በቤተ መንግሥት አጠገብ የሚኖር ከፍተኛው ኢትዮጵያዊ ካህን ነበር። ሁለተኛው የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቤት ነው። ኤዎስጣቴዎስ የቅዳሜን ሰንበት አክብሩ በማለቱ ከአገር ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1352 ገደማ በአርመን ምድር ሞተ። ደቀ መዛሙርቱ ከጳጳሳቱና ከቤተ መንግሥቱ ጋር ለመቶ ዓመት ያህል ሲጋጩ ቆዩ። በ1442 ዓ.ም ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ባደረገው ጉባኤ የቅዳሜ ሰንበት መከበር ተፈቅዶ ጠቡ በረደ። ይህ ጉዳይ ከሥጋዌ ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት የለውም፤ ሆኖም አንድ ልማድ አስቀመጠ። የኤዎስጣቴዎስ ቤት ከቤተ መንግሥት ውሳኔ ውጭ መኖርን፣ መታገሥንና በመጨረሻም ማሸነፍን ተማረ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የጎጃም መነኮሳት የያዙት መንገድም ይኸው ነው።

የዓባይ ማዶ ገዳማት በዚህ ጊዜ ደርጅተዋል። በብቸና አካባቢ በአቡነ ተከስተ ብርሃን የተመሠረተው ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔና በመጻሕፍት ትምህርት ስሙ ገነነ። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል፤ በ1958 ዓ.ም ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን በዲማ ጉባኤ ቤት ማሳለፉ ከዚሁ የመጣ ነው። በእነብሴ ያለችውን መርጡለ ማርያምን ደግሞ ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዘመን መግቢያ በታላቅ ወጪ አሠራቻት። ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል የላከችውም ይህችው ንግሥት ናት። ቤተ ክርስቲያኑ በኢማም አሕመድ ጦርነት ጊዜ ወደመ። ከመቶ ዓመት በኋላ በዚያው ቦታ ላይ ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ካህናት ድንጋይ እያስጠረቡ አዲስ ሕንፃ አቆሙ፤ ፍርስራሹ ዛሬም ይታያል። ከፖርቱጋል ጋር የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፈችው ንግሥት ደብር የኢየሱሳውያን ይዞታ መሆኑ ከታሪክ ምፀቶች አንዱ ነው።

ኢየሱሳውያን ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1549 ዓ.ም ከጳጳሱ ከኦቪየዶ ጋር ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ዐፄ ገላውዴዎስ በጻፈው የእምነት መግለጫ የቅዳሜን መከበር፣ ግዝረትንና የእሪያ ሥጋ አለመብላትን ከአይሁድ ሕግ ጋር ማያያዝ ስሕተት መሆኑን አስረድቶ ነበር። ሚስዮኑ ፍሬ ያፈራው ግን ፔድሮ ፓኤዝ ከመጣ ወዲህ ነው። ፓኤዝ አማርኛና ግእዝ ተምሮ፣ በትዕግሥት አከራክሮ የዐፄ ሱስንዮስንና የግማሽ ወንድሙን የራስ ሥዕለ ክርስቶስን ልብ ሳበ። ሥዕለ ክርስቶስ የጎጃም ገዥ ስለ ነበረ የካቶሊክ ትምህርት በቆለላና በመርጡለ ማርያም ሥር ሰደደ። ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም የካቶሊክ እምነቱን በይፋ አሳወቀ። በ1617 የመጣው የካቶሊክ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ እንደ ፓኤዝ ያለ ሰው አልነበረም። በዓመቱ በደንቀዝ ንጉሡንና መኳንንቱን ለሮማ ካስማለ በኋላ ካህናቱ ዳግም እንዲካኑ፣ ሕዝቡ ዳግም እንዲጠመቅ፣ ታቦታት እንደ አዲስ እንዲባረኩ፣ ግዝረት እንዲቀር፣ ጾሙና በዓሉ በሮማ ሥርዓት እንዲሆን አዘዘ። ገበሬው ስለ ሁለት ባሕርይ ምን እንዳሰበ መገመት ይከብዳል፤ ክርስትናህ ባዶ ነው መባሉ ግን ገባው። ከብዙ ዓመፅ በኋላ፣ በ1624 ዓ.ም በወይና ደጋ በመልክአ ክርስቶስ የተመሩትን የላስታ ዓማፅያን ድል ካደረገ በኋላ፣ ሱስንዮስ በሜዳው የወደቀውን የራሱን ሕዝብ አይቶ የእስክንድርያን ሃይማኖት መለሰ። ልጁ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጣ፤ ሥዕለ ክርስቶስም እምነቱን ስላልተወ ተጋዘ።

ሰዎቹ ሄዱ፤ ያነሡት ጥያቄ ግን ቀረ። የካቶሊክ ሊቃውንት ይጠቅሱት ከነበረው ማስረጃ አንዱ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ቁጥር 38 ያለው፣ ጴጥሮስ በቆርኔሌዎስ ቤት የተናገረው ቃል ነው፤ በዚያ እግዚአብሔር የናዝሬቱን ኢየሱስን በመንፈስ ቅዱስ እንደ ቀባው ይነገራል። የተቀባ ከቀባው ያንሳል፤ ስለዚህ የተቀባው ሰውነቱ ነው፤ ሰውነቱ ብቻውን ሊቀባ የሚችል ከሆነ ደግሞ ባሕርዩ ሁለት ነው ይሉ ነበር። አንድ ባሕርይ የሚሉት ኢትዮጵያውያን ይህን ማፍረስ ነበረባቸው። መልስ አላጡም፤ መልሳቸው ግን አንድ አልሆነም። የ17ኛውና የ18ኛው መቶ ዘመን የሃይማኖት ታሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል ከዚህ የተመዘዘ ነው።

የመጀመሪያው መልስ የቅባት ወይም የቅብዐት መልስ ነው፤ በጎጃም የሚገኙት የኤዎስጣቴዎስ ቤት መነኮሳት ይዘውታል። በዚህ ትምህርት አብ ቀባዒ፣ ወልድ ተቀባዒ፣ መንፈስ ቅዱስ ራሱ ቅብዕ ነው። ሥጋ የባሕርይ ልጅነትን ክብር ያገኘው በማሕፀን ሳለ በመንፈስ ቅዱስ ቅብዐት ነው። ልደቱ ሁለት ነው፤ ቀዳማዊው ከአብ፣ ደኃራዊው ከድንግል ማርያም። ቅባቶች በዚህ የሦስቱን አካላት ሥራ በሥጋዌ ውስጥ አሳየን፣ የመጽሐፉንም ቃል እንዳለ ተቀበልን ይላሉ። ተቃዋሚዎቻቸው ግን፣ ተዋሕዶ ብቻውን ሥጋን ካላከበረ ቃል ሥጋ መሆኑ ምን ፈየደ? ወልድስ በቅብዐት እስኪከብር ድረስ ክብሩ ጎድሎ ነበር ወይ? ብለው ይጠይቃሉ።

ሁለተኛው መልስ ተዋሕዶ ነው፤ በመጀመሪያ ዋና ጠበቃው የደብረ ሊባኖስ ቤት ነበር። ሥጋ የከበረው በተዋሕዶ፣ ማለትም ቃል ገንዘቡ ስላደረገው ነው፤ መቀባት የሚለው ቃል ለንግሥና፣ ለክህነትና ለነቢይነት መሾሙን ያመለክታል። ይህ ወገን ከጊዜ በኋላ ራሱ ለሁለት ተከፈለ። በትግራይ ይበልጥ የጸናው ቅርንጫፍ «ወልድ ቅብዕ» የሚለውን ያዘ፤ ወልድ በራሱ ቀባዒም፣ ተቀባዒም፣ ቅብዕም ነው፤ ቅብዐቱ የራሱ መለኮት ነው። ይህ ቅርንጫፍ ካራ ተባለ። ስያሜው ሦስተኛውን ልደት ቆርጠው ጣሉ በማለት ባላንጣዎች ያወጡት እንደሆነ ይነገራል።

የተቆረጠው ሦስተኛ ልደት የሌላው ቅርንጫፍ፣ የጸጋ ወይም የሦስት ልደት ትምህርት ነው። በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ዘንድ ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ እየበረታ ሄዶ በጎንደርና በሸዋ ሰፊ ተከታይ አገኘ። ወልድ ከአብ ያለ እናት፣ ከማርያም ያለ አባት ከመወለዱ ሌላ፣ ሥጋው መንፈስ ቅዱስን በመቀበሉ የጸጋ ልጅ ተብሏል፤ ይህም ለምእመናን ሁሉ በኵር ያደርገዋል ይላል። ካራዎች ይህን ንስጥሮሳዊነት ነው ብለው ነቀፉት፤ የጸጋ ልጅ የሚባል ክርስቶስ ካለ ከሌላው ቅዱስ ሰው በምን ይለያል? ጸጎች በበኩላቸው ካራዎችን የሥጋውን ሰውነት አጠፋችሁ፣ አውጣኪ ሆናችሁ አሏቸው። ሁሉም ወገን አንድ ባሕርይ ይላል፤ ሁሉም ኬልቄዶንን ያወግዛል፤ ሁሉም ቄርሎስንና ሃይማኖተ አበውን ይጠቅሳል። ብዙ ጊዜ ቅባትና ጸጋ ለሮማ የተጠጉ ትምህርቶች ተደርገው ይቀርባሉ። ይህ አነጋገር ከሊቃውንቱ ጽሑፍ ይልቅ የተቃዋሚን ክስ ይመስላል፤ ሁለቱም የተወለዱት ለሮማ መልስ ለመስጠት ነውና።

ጉዳዩ በገዳማት ቢያልቅ ኖሮ ታሪኩ አጭር ይሆን ነበር። ከፋሲለደስ ጀምሮ ነገሥታቱ ጉባኤ እየጠሩ፣ ሊቃውንቱን እያከራከሩ፣ በመጨረሻ በነጋሪት አዋጅ ውሳኔ ማወጅን ልማድ አደረጉት። ከግብፅ የሚመጣው ጳጳስ ቋንቋውንም የክርክሩን ሥርም አያውቀውም ነበር፤ ብዙ ጊዜ የንጉሡን ወይም የእጨጌውን ወገን ይይዝ ነበር። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊና በአድያም ሰገድ ኢያሱ ጊዜ ተከታታይ ጉባኤያት ተደረጉ፤ ኢያሱ ወደ ደብረ ሊባኖስ ተዋሕዶ አዘነበለ። የጎጃም መነኮሳት ግን አልተበገሩም።

ኢያሱ ከተገደለ በኋላ የመጣው ሁኔታ ጎጃም ምን ያህል እንደ ከበደ ያሳያል። ከ1700 እስከ 1704 ዓ.ም የነገሠው ዐፄ ቴዎፍሎስ ቅባትን ደገፈ፤ ምክንያቱም የጎጃምን ልብ ማግኘት ስለ ፈለገ ነው። ከ1708 እስከ 1713 የነገሠው ዐፄ ዳዊት ሣልሳዊም ለቅባት ፈረደ። ፍርዱን ባልተቀበሉት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ላይ በጎንደር ወታደር ተሰድዶ ብዙዎቹ ተገደሉ። ንጉሡም ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ከእንግዲህ ክርክሩ የመጻሕፍት ብቻ መሆኑ ቀረ፤ ደም ፈሶበታልና እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሰማዕታት መቁጠር ጀመረ። አንዱ ንጉሥ ያወጀውን ቀጣዩ ንጉሥ ይሽረዋል፤ በእነዚህ አዋጆች መካከል ግን በደብረ ወርቅና በመርጡለ ማርያም ያለው ትምህርት ሳይለወጥ ይቀጥላል።

ሞጣ በዚህ ዘመን ትልቅ ስፍራ ያዘች። የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል የጎጃሙን ደጃዝማች ዮሴዴቅን አግብታ ሞጣ ጊዮርጊስን አሠራች፤ ልጇ ራስ ኃይሉ ጎጃምን ገዛ። የጎንደር ቤተ መንግሥትና የጎጃም መሳፍንት በጋብቻ መተሳሰራቸው ገዳማቱን በርስትና በጉልት አበለጸጋቸው፤ መምህራኑም በአውራጃቸው ገዥ ጥላ ሥር ተቀመጡ። በ1761 ዓ.ም ዘመነ መሳፍንት ሲጀምር ካርታው እንዲህ ሆነ፦ ጎጃም በብዛት ቅባት፣ ጎንደርና ሸዋ በብዛት ጸጋ፣ ትግራይ ካራ። ስለዚህ አንድን መስፍን መከተልና አንድን ሃይማኖት መያዝ ብዙ ጊዜ ተያይዘው ይሄዱ ነበር። ይሁንና ሁሉን በፖለቲካ መተርጎም አያዋጣም። መሳፍንቱ ወገን ሲለዋውጡ መምህራኑ ግን ለያዙት ትምህርት ተሰደዋል፣ ተገርፈዋል፤ ለሹመት ብቻ የሚሟገት ሰው እንዲህ አያደርግም።

አንድነት የፈለጉት የ19ኛው መቶ ዘመን ነገሥታት የሃይማኖቱን ክፍፍል የመንግሥቱ ክፍፍል አድርገው አዩት። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ከግብፅ የመጡት አቡነ ሰላማ ሣልሳዊ ካራን አጥብቀው ያዙ፤ ከእጨጌውና ከጸጋ ወገን ጋር ተጣልተውም ተሰደዱ። ደጃዝማች ካሣ፣ የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ከመንገሡ በፊት በአምባ ጫራ በተደረገው ጉባኤ ከአቡኑ ጋር ቃል ኪዳን ገብቶ ካራ ተዋሕዶን አወጀ፤ የጸጋ ወገን እንዲመለስ ታዘዘ። በቃል ኪዳኑ አቡኑ ዘውዱን ይባርካሉ፣ ንጉሡ ሃይማኖታቸውን ያስከብራል። ከቴዎድሮስ ሞት በኋላ ግን ሸዋ ወደ ልማዱ ተመለሰ።

የመጨረሻው ትልቅ ጉባኤ በ1870 ዓ.ም ግንቦት በወሎ፣ ከደሴ አጠገብ በምትገኘው በቦሩ ሜዳ ተደረገ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከሁለት ወር በፊት በልቼ ንጉሥ ምኒልክን አስገብረው ነበርና የሸዋ ሊቃውንት በምኒልክ ፊት መከራከር ግድ ሆነባቸው። በአገሪቱ ያን ጊዜ ጳጳስ አልነበረም፤ አቡነ አትናቴዎስ ሞተዋል። ስለዚህ ከእስክንድርያ የመጣ ደብዳቤ ተነበበ፤ ሁለት ልደትን የሚያጸና፣ ሦስት ልደትን የሚያወግዝ ነበር። ውሳኔው አስቀድሞ የታወቀ ክርክር ነበር ማለት ይቻላል። የካራ ተዋሕዶ የአገሪቱ ሃይማኖት ተባለ፤ እምቢ ያሉ የጸጋ ሊቃውንት ምላሳቸው እንደ ተቆረጠ ይነገራል። በዚያው ጉባኤ የወሎ ሙስሊም መኳንንትና ሕዝብ እንዲጠመቁ የታዘዘ መሆኑን መርሳት አይገባም፤ ከሊቃውንቱ ክርክር ይልቅ የብዙ ሰውን ሕይወት የነካው ይህኛው አዋጅ ነው።

የቦሩ ሜዳ ዒላማ በዋነኛነት ጸጋ ነበር፤ ጸጋም እንደ ተደራጀ ወገን ከዚያ በኋላ አላንሠራራም። ቅባት ግን ሌላ ዕጣ ገጠመው። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብሎ ሲነግሥ ለዐፄ ዮሐንስ የገበረ የተዋሕዶ ንጉሥ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ከግብፅ አራት ጳጳሳት ሲመጡ አቡነ ሉቃስ ለጎጃም ተመደቡ። ንጉሡ በመናገሻው በመንቆረር የወንጌላዊውን የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠራ፤ ከተማዋም ደብረ ማርቆስ ተባለች። የእስክንድርያ መንበር ባለቤት የሆነው ሐዋርያ የጎጃም ዋና ከተማ ስም መሆኑ የተመረጠው በአጋጣሚ አይመስልም። በይፋ ጎጃም ተዋሕዶ ሆነ። በብቸናና በሞጣ አውራጃዎች ግን የቅባት መምህራን በየደብራቸው ቀሩ፤ ቅዳሴው አንድ፣ ጾሙ አንድ፣ ጳጳሱ አንድ ስለሆነ ልዩነቱ የሚታየው ሊቃውንት ሲጠያየቁና መምህሩ ሥጋዌን ሲተረጉም ነበር። አዋጅ ሰልፍን ይሰብራል፤ በቃል የሚተላለፍ ትምህርትን መስበር ግን ይከብደዋል።

20ኛው መቶ ዘመን ክርክሩን ሳያቆም ከባቢውን ለወጠው። አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ፣ በ1951 ዓ.ም የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሲሆኑ የሃይማኖት ክርክር ከግብፅ በሚመጣ ደብዳቤ የሚፈረድበት ዘመን አበቃ። በ1957 ዓ.ም ጥር በንጉሠ ነገሥቱ ጥሪ ኬልቄዶንን ያልተቀበሉት አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች፣ የኮፕት፣ የሶርያ፣ የአርመን፣ የሕንድና የኢትዮጵያ፣ አዲስ አበባ ላይ ተሰበሰቡ። በ1956 ዓ.ም በዴንማርክ አርሁስ በሊቃውንት መካከል የተጀመረው ከባይዛንታይን ኦርቶዶክሶች ጋር ያለ ውይይትም በ1963 ዓ.ም ጥር አዲስ አበባ ላይ ቀጠለ። ተወያዮቹ የደረሱበት ግንዛቤ ሁለቱ ቤተሰቦች ስለ ክርስቶስ ያላቸው እምነት በመሠረቱ አንድ፣ የሚገልጹበት ቃል ግን የተለያየ ነው የሚል ነው። «ሞኖፊዚት» የሚለው ነቀፋም ቀስ በቀስ «ሚያፊዚት» ለሚለው ስም ቦታ ለቀቀ፤ የመጀመሪያው አንዱን ባሕርይ ብቻ ያስቀራል ለማለት፣ ሁለተኛው ከሁለት የተገኘ አንድ ለማለት ነው። የግሪክና የኢትዮጵያ ሊቃውንት ከአሥራ አምስት መቶ ዓመታት በኋላ አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ሲችሉ፣ የደብረ ወርቅና የጎንደር ሊቃውንት ልዩነት ተመሳሳይ ትዕግሥት የተሞላበት ምርመራ አለማግኘቱ ያሳዝናል።

ስለ ቅባት የሚጻፈው አብዛኛው እስከ ዛሬ ድረስ ወይ የተቃዋሚ ድርሳን፣ ወይ የነገሥታት ዜና መዋዕል፣ ወይ የአውሮፓ መንገደኛ ማስታወሻ ላይ የተመሠረተ ነው። ሦስቱም ምንጮች ከክርክሩ ይልቅ ጠቡን ያስቀድማሉ፤ ዜና መዋዕሉ ለንጉሡ፣ መንገደኛው ለራሱ ቤተ ክርስቲያን ያደላል። የቅባት መምህራን ራሳቸው የሚያስተምሩበት ትርጓሜ፣ በየገዳማቱ ዕቃ ቤት ያሉት የክርክር ድርሳናትና የየኔታዎቹ የቃል ትምህርት ገና በወጉ አልተሰበሰቡም።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ የምታስተምረው ሁለት ልደትንና የወልድን በተዋሕዶ መክበር ነው፤ ቅባትንና ጸጋን አትቀበልም። በምሥራቅ ጎጃም፣ በተለይ በቀድሞዎቹ የብቸናና የሞጣ አውራጃዎች፣ የቅባትን ትምህርት የያዙ ካህናትና ምእመናን ዛሬም አሉ፤ ራሳቸውንም ኦርቶዶክሳውያን ይላሉ።